ስምንት ማይክ

«እሱ ይምታ ብቻ። እየመታ ደስ ይበለው። ኋላ አንድ በአንድ እያወጣን በኮምፒውተር ምት እንተካዋለን። አይገባውም ስልህ!»

ወንድሟ ይህን የሚለው ስልኩን መስተዋቱ ሥር አስደግፎ ጢሙን እየተላጨ ነው። ድምፁ ሳሎን እንዳይደርስ ቧንቧውን ከፍቶታል፤ ድምፅ መቅዳት ሥራዋ የሆነ እህት ያለችው ሰው ግን የውሃ ጩኸት የሰውን ቃል እንደማይሸፍን ማወቅ ነበረበት። እሷ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ኮሪደሩ ውስጥ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። በሩን ልታንኳኳ ያነሳችውን እጅ መለሰችው። ሳሎን ውስጥ አባታቸው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ነጭ ሸሚዝ ይተኩሳል። ካለፈው ዓመት ሕመሙ ወዲህ ግራ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዘውም፤ ስለዚህ ሸሚዙን በግራ ክርኑ ተጭኖ በቀኙ ነው የሚገፋው። ኮሌታውን ጨርሶ እጅጌው ላይ ደርሷል። ከንፈሩን ነክሶ፣ አንዲት ጭምድድ ስታመልጠው እየተመለሰ ያሳድዳታል።

«ለማን ነው የምትተኩሰው አባዬ? ማይክ ዓይን የለውም» አለችው።

«ዓይን ባይኖረው ጆሮ አለው። የተጨማደደ ሰው ተጨማዶ ነው የሚመታው።»

ወንድሟን ያገኘችው ውጭ፣ ከበሮዎቹን መኪና ላይ ሲጭን ነው። ትልቁን፣ በእግር የሚመታውን ኪክ፣ በደረቱ አቅፎ ከኋላ ወንበር ጋር ይታገላል። ሰምቼሃለሁ አለችው። አልደነገጠም። ከሰማሽ ለማስረዳት አልደክምም፣ ለእያንዳንዷ ከበሮ አንድ አንድ ማይክ አድርጊ፣ ጠጋ አድርገሽ፣ አንዷ የሌላዋን ድምፅ እንዳትወስድ፤ ከላይ የሚሰቀሉትን ሁለቱን ኋላ እንዘጋቸዋለን አላት። እሷ ሥራውን ስለምታውቀው የቀረውን ራሷ ጨረሰችው፤ ምቱ ሁሉ ለየብቻው ከተቀዳ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ነቅሎ በቦታው ሌላ፣ ንጹሕ፣ የማያረጅ ምት ያስቀምጣል። የአባቷ የሚሆነው ወንበሩ ላይ መቀመጡ ብቻ ነው።

«ለምን አትነግረውም?»

«አንቺ ንገሪው። ግራ እጅህ ያነክሳል በይው። እኔ አፌ አይችልም።»

«አፍህ ካልቻለ እጅህ እንዴት ቻለ?»

«ስሚ፣ ሰው ዘፈኑን ሰምቶ ‹ይሄ ከበሮ መቺ ምን ሆኗል› ብሎ ቢስቅበት ይሻላል? ለእሱ ብዬ ነው እኮ!» አለና የመኪናውን በር በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው።

ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። አባታቸው ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ወንበር ላይ እያደረ ያስታመመው እሱ ነው፤ ገላውን ያጠበው፣ ጥፍሩን የቆረጠው እሱ ነው። ዛሬ የሚቀዱትን የራሱን የዘፈን አልበም ሲያስብ መጀመሪያ የተናገረው «ድራሙን አባዬ ይመታልኛል» ብሎ ነበር። አባታቸው ያን ቀን ራት ሳይበላ ነው የተኛው፤ ደስታ አጥግቦት። አሁን ያን ቃል ማጠፍ ስላቃተው ሳያጥፈው ሊያጥፈው ነው።

መንገድ ላይ የአባቷን የዕድሜ ልክ ጓደኛ ቤዝ ጊታሪስቱን ከሰፈሩ ጥግ ጫኑት። ሰውየውን ሁሉም «ጋሽ ዝምታ» ይሉታል፤ አፉ ስለማይገጠም ነው። ገና በሩን ሳይዘጋ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻና ስለ ቤንዚን ወረፋ አወራ። አባቷ ከፊት ወንበር ዞሮ አቋረጠው።

«ስንት ማይክ እንደሚደረግልኝ ታውቃለህ?»

«ስንት?»

«ስምንት!»

«ስምንት ማይክ ለአንድ ሰው? ቤቴ ውስጥ እኔ አንድ ጆሮ አጥቼ! ቀንቶህ ሚኒስትር ሆንክ እንዴ?»

አባቷ ጭኑን መትቶ ሳቀ። እሷ ከኋላ ሆና የተላጨ ማጅራቱንና የተተኮሰ ኮሌታውን ታያለች። ስምንት ማለት ለዚህ ሰው ምን እንደሆነ የምታውቅ ከጓደኛውና ከወንድሟ ሌላ እሷ ብቻ ነች። በእነሱ ዘመን ባንዱ በሙሉ የሚቀዳው በአንድ ማይክ ነበር። ዘፋኙ ማይኩ ሥር ይቆማል፣ ነፊዎቹ ከኋላው፣ ጊታሩ ከጎን፤ ድራሙ ግን ይጮሃል ተብሎ ወደዚያ ገፋ በል፣ አሁንም ገፋ በል ሲባል ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደር ላይ፣ አንዳንዴም ገርበብ ካለ በር ጀርባ ያርፋል። አባቷ የዘፋኙን ፊት ሳያይ፣ በበሩ ስንጥቅ የአንድ ሰው ጀርባ እያየ ነው ዕድሜውን የመታው። በካሴቶቹ ላይ የእሱ ምት የሚሰማው ጎረቤት ግድግዳው ላይ ሚስማር የሚመታ ያህል ነው። ልጆች ሳሉ ካሴቱን ከፍቶ ጣቱን አየር ላይ ያቆምና «አሁን! ሰማችሁ? እኔ ነኝ» ይላቸው ነበር። ሰማን ይሉታል። ሰምተው አያውቁም።

ስቱዲዮው አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው በጥቁር ስፖንጅ ተሸፍኗል፤ አንደኛው ጥግ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃው የሰው ትንፋሽና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ አለው። ወንድሟ ዕቃውን አውርዶ፣ ለሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ስላለው ከምሳ በፊት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ሲወጣ በዓይኑ «እንደተባባልነው» አላት። አልተባባሉም፤ እሱ ብሏል።

የማይኮቹን ሣጥን ከፈተች። ሁለቱ ቀጫጭን፣ ስሶች ናቸው፤ ከላይ ተሰቅለው ክፍሉን እንዳለ ይሰማሉ፤ ከበሮውን ብቻ ሳይሆን የወንበሩን መንቋቋትና የሰውየውን ትንፋሽ ጭምር። አንዱ ወፍራም ነው፣ ቡጢ የሚያህል፤ ለኪኩ። የቀሩት አምስቱ አጫጭርና ጠንካሮች፣ ዱላ ቢያርፍባቸው የማይከፋቸው ናቸው፤ ግራ እጅ ለሚመታው ስኔር፣ ቀኝ እጅ ለሚመታው የሃይሃት ጥንድ ሳህን፣ ቶም ለሚባሉት ሁለት ከበሮዎችና ወለል ላይ ለሚቆመው ትልቁ ቶም። እነዚህ ከከበሮው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብለው ቆዳውን አፍጥጠው ነው የሚያዩት፤ ከሥራቸው ካለው በቀር የሚያውቁት ነገር የለም። እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ስታሰላ ቆይታለች። የላይኞቹ ሁለቱና የኪኩ ብቻ ቢሰኩ፣ አባቷ እንዳለ ይቀዳል። ከሩቅ ሲሰማ የግራ እጁ መዘግየት እንከን አይደለም፤ አረማመድ ነው። ከዚያ ድምፅ ውስጥ ደግሞ አንዱን ከበሮ ነቅሎ ማውጣት ወተት ውስጥ የገባ ውሃን ለይቶ የማውጣት ያህል ነው። ወንድሟ ቢፈልግም ሊተካው አይችልም። ወይ ይወስደዋል ወይ ይተወዋል፤ ሲሰማው ደግሞ ይወስደዋል ብላ አሰበች።

ግን ለአባቷ ሦስት ማይክ ብቻ ነው ብላ ልትነግረው አልቻለችም። ስለዚህ ስምንቱንም አቆመች። የላይኞቹን ስትሰቅል ሁለቱም ከስኔሩ እኩል እንዲርቁ ሲባጎ አወጣች፤ አባቷ የሲባጎውን ጫፍ ስኔሩ መሃል ላይ በጣቱ ተጭኖ ያዘላት፣ እሷ ሌላውን ጫፍ ወደ አንዱ ማይክ ከዚያም ወደ ሌላው ወሰደችው። «ይኸኛው ትንሽ ዝቅ ይላል» አላት። ዝቅ አደረገችው። ኪኩ ውስጥ አሮጌ ትራስ ከተተች፣ ወፍራሙን ማይክ በቀዳዳው አሾልካ መዶሻው ከሚያርፍበት ትይዩ አቆመችው። ከዚያ አምስቱን አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን እየሰበረች፣ በየከበሮው ላይ አጎነበሰቻቸው። ኬብሎቻቸውን ምንጣፉ ላይ አሰልፋ ወደ መጋረጃው ወሰደች፤ እዚያ ጀርባ፣ ማንም በማያይበት፣ ጠቅልላ ተወቻቸው። የትም አልተሰኩም። አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በዙሪያው የከበቡትን እያየ ነው። አንዱን በጣቱ ጫፍ ነካው፣ እንደ ሰው ልጅ ጉንጭ።

«ፎቶ አንሺኝ» አላት።

አነሳችው።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ጋሽ ዝምታ ቤዙን ጭኑ ላይ አስተኝቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ማሽኑ ላይ ሦስት መብራት ብቻ ሲጨፍር አየ። ሁለቱን ክፍሎች ወደሚለየው መስተዋት ማዶ፣ ወደ ስምንቱ ማይክ አየ። ከዚያ ወደ እሷ። አፉን ከፈተና ስለ ጉልበቱ ቀጠለ።

አባቷ ደህና መታ። ከደህናም በላይ። በሄድፎኑ ቀድሞ የተቀዳውን የልጁን ድምፅና የጓደኛውን ቤዝ እየሰማ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የገባው። ዘፈኑ ቀስ ያለ ነው፤ ቸኩሎ የማይመታ ሰው ይፈልጋል። ግራ እጁ ከቀኙ ትንሽ ዘግይቶ ይወድቃል፣ ግን ሁልጊዜ በዚያው ልክ ስለሆነ ጆሮ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ይጠብቀዋል። መጨረሻው ላይ የናስ ሳህኑን፣ ሲምባሉን፣ መትቶ ድምፁ ሞቶ እስኪያልቅ አልተነቃነቀም። እሷ እጇ መቅጃው ላይ ሆኖ ማቆም ተሳናት። ጋሽ ዝምታ ቤዙን አስቀምጦ አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገ። «ይሄ ሰውዬ ያማል» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ወንድሟ በር ከፍቶ የገባው ያኔ ነው፤ ከሬዲዮው ሞቅታ ጋር። እንዴት ነው፣ ተጀመረ? እያለ ጃኬቱን ሲያወልቅ፣ ከመስተዋቱ ማዶ አባቷ ከወንበሩ ለመነሳት ሲሞክር እግሩ ኬብል ያዘው። እንዳይጥለው ብሎ ጎንበስ አለና ሳብ አደረገው። ኬብሉ ያለ ተቃውሞ መጣለት፤ ከመጋረጃው ሥር ጫፉ ወጣ። አባቷ ጫፉን አየው። ሁለተኛውን ሳበ፣ ያም መጣ። ሦስተኛውን። እሷ ተነስታ እስክትደርስ አምስቱንም ስቦ ጨርሶ ነበር። ይዟቸው ወደ እነሱ መጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ኬብሎቹ ከጀርባው ተወጠሩና አላላውስ አሉት። እዚያው ቆመ።

«እነዚህ የት ነው የሚገቡት?»

ወንድሟ ወደ ማሽኑ አየ። ሦስት መስመር። ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየችው። ቀጥሎ ወደ እሷ ያየበት ዓይን ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር። እንዳትናገሪ።

«ረስቼ ነው አባዬ» አለች።

«አንድ ይረሳል። አምስት አይረሳም።»

«ቸኩዬ ነው።»

«ላልተሰካ ማይክ ነው ፎቶ የተነሳሁት? ለሕፃን ነው እንጂ መጫወቻ የሚሰጠው።» ድምፁ አልጮኸም። «እነዚያ ሰዎች በር ላይ ሲያስቀምጡኝ እንኳ በር ላይ መሆኔን ነግረውኛል።»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ለመናገር ግን ወንድሟን አሳልፋ መስጠት ነበረባት፤ እሱ ደግሞ ጫማውን እያየ ነው። ከአባቷ እጅ ኬብሎቹን ተቀበለች። «ልሰካቸው፤ እንደገና እንቅዳው» አለች። ያኔ ያላለችውን ብትለው ኖሮስ ብሎ መመራመር ለማንም አይጠቅምም። አላለችም። ተንበርክካ አምስቱን አንድ በአንድ ሰካች፣ እያንዳንዱን ማይክ እንደገና አቀናች፣ ወንድሟ እንደፈለገው ጠጋ አደረገቻቸው። አባቷ ውሃ ጠጥቶ ተቀመጠ። የተተኮሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ሁለተኛው ላይ ደክሞት ነበር። መሃል ላይ የግራው ዱላ ስቶ የስኔሩን ማይክ መታው፤ «ይቅርታ» አለው አባቷ ማይኩን፣ ሳያቆም። ጨረሰ። ወንድሟ አውራ ጣቱን ከመስተዋቱ ጀርባ አነሳለት። አባቷ እየተነፈሰ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ሄድፎኑን ሳይሆን ትልልቆቹን ድምፅ ማጉያዎች ክፈቺልኝ አላት። ኩርፊያው ገና ፊቱ ላይ አለ፣ ግን ጉጉቱ እየበለጠው ነው።

«እያንዳንዱን ለየብቻው አሰሚኝ።»

«እንደሱ አይሰማም አባዬ። አንድ ላይ ነው።»

«ለየብቻው ካልተሰማ ለምን ለየብቻው ተደረደረ?»

ወንድሟ «ይቅር፣ ምሳ እንብላ» አለ። አባቷ አልዞረለትም። ኪኩን ከፈተችለት። እግሩ አልታመመም፤ ክፍሉ ውስጥ ልብ የመሰለ ምት ሞላ። አባቷ ፈገግ አለ፤ «እኔ ነኝ» አለ ለጓደኛው። ጋሽ ዝምታ ራሱን ነቀነቀ። ቶሞቹን ከፈተች፤ ጥቂት ስለሚመቱ አብዛኛው ዝምታ ነው፤ ወድዷቸዋል። ሃይሃቱን ከፈተች፤ የቀኝ እጁ ነው፣ እንደ ሰዓት። ከዚያ የቀረው ስኔሩ ነበር። ቁልፉ ላይ ጣቷ ትንሽ ዘገየ። አባቷ ጉልበቷን ነካ አደረጋት፤ ቀጥይ ማለቱ ነው።

ስኔሩ ብቻውን ወጣ። ከልጁ ዘፈን ሥር፣ ሌላ ከበሮ ሳይሸፍነው። አባቷ በቀኝ ጣቱ ምቱ የሚወድቅበትን ቦታ ጉልበቱ ላይ ይመታ ጀመር። ጣቱ ይወድቃል፣ ከዚያ ድምፁ ይመጣል። ጣቱ ይወድቃል፣ ከዚያ ድምፁ። አንዳንዱ ደንዝዞ፣ አንዳንዱ ጠርዝ መትቶ፣ አንዱም ተዘሎ። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ሰውየው ሄዶ የተረሳ መብራት ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ይሄ ማነው?»

ጋሽ ዝምታ «ማሽኑ ነው ባክህ፣ የዛሬ ማሽን...» ብሎ ጀመረና ቤዙን መወልወል ያዘ።

«አንተ ነህ አባዬ» አለች።

«መልሺው።»

መለሰችው። እንደገና ሰማ፣ ጣቱ ሳይንቀሳቀስ። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ግራ እጁን አነሳና ገልብጦ መዳፉን አየው፤ ከሰው እጅ የተቀበለውን ነገር እንደሚያይ ሰው።

«ይሄ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል?»

«ይችላል!» አለ ወንድሟ። ጥያቄው መሬት ሳይነካ ነበር የመለሰው።

አባቷ ወደ ልጁ ዞሮ ብዙ አየው። «ይችላል ነው ወይስ ይወጣል?»

ወንድሟ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። በመጨረሻ የተናገረችው እሷ ነች፤ ዝም ማለቱ ሰልችቷት እንጂ ጀግና ሆና አይደለም። በሦስቱ ከተቀዳ ማውጣት አይቻልም፣ ለዚህ ነው ያልሰካኋቸው አለችው። የመጀመሪያው አለ፣ ከዚህ ይበልጣል፣ ላሰማህ አለችው። እጇ እየተቻኮለ ፋይሉን ይፈልግ ነበር። አባቷ እጇ ላይ እጁን ጫነባት፤ ቀኙን።

«ተይው እናቴ።»

«አንዴ ስማው። ደህና ነህ እዚያ ላይ።»

«አሁን ብሰማው እጄን ብቻ ነው የምሰማው። አንዴ ለብቻው ሰምቼዋለሁ።»

ይህን ልትከራከረው አልቻለችም። እውነቱን ነው። ጆሮ አንድ ነገር ከለየ በኋላ መልሶ አይደባልቀውም፤ ሥራዋ ያስተማራት ይህንኑ ነው። ነገ ራሷ የመጀመሪያውን ብትከፍተው አረማመድ ያለችው ነገር ማንከስ ሆኖ እንደሚጠብቃት አወቀች።

ወንድሟ ከአባቱ ፊት ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱን ያዘው። ዓይኑ ቀልቷል። «ስምህ ግን ይጻፋል አባዬ። ከሁሉም በፊት። ድራም ብዬ ስምህን በትልቁ ነው የማስጽፈው።»

«አትጻፈው።»

«እንዴ! ታዲያ ማን መታው ልበል?»

አባቷ የልጁን ፀጉር በጣቶቹ ወደ ኋላ መለሰለት፤ ያስታመመውን፣ ጥፍሩን የቆረጠለትን ልጅ። ከልቡ አሰበበት፤ የሚጠቅም መልስ እንደሚፈልግ ሰው።

«ማንም አልመታውም በል» አለው።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ሲምባሎቹን ሊፈታ። ጋሽ ዝምታ ሊያግዘው ተነሳና መልሶ ተቀመጠ። ወንድሟ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ስምንቱ ማይኮች ክፍት ነበሩ። የመጀመሪያው ብሎን ሲላላ፣ ብረቱ ከብረት ሲለይ፣ አባቷ በአፍንጫው ሲተነፍስ፣ ብሎኗ ከግራ እጁ አምልጣ ምንጣፉ ላይ ስትወድቅ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ በዳበሳ ሲፈልጋት፣ ሁሉም በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ጥርት ብሎ ወጣ። መፈለጉ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«ዝጊው» አለ ወንድሟ።

እሷ አልዘጋችውም። ብሎኗን እስኪያገኛት ድረስ ሦስቱም ተቀምጠው ሰሙት።